የገና ሰሞን እንግዶች በጁገል

ትምህርት ቤት ለገና ሲዘጋ ልጆቹን ይዘን ሐረር ገባን። በማግስቱ ጠዋት ግንቡን እየታከክን ስንሄድ ታናሿ ልጄ ከግንቡ ሥር ቀዳዳ አየችና «አባዬ፣ ይሄ ፈርሶ ነው?» አለችኝ። አልፈረሰም። ሆነ ተብሎ የተተወ ነው። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሉታል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው።

ጁገል የሚባለው ይህ ግንብ የሥጋት ልጅ ነው። የሐረር ጦር መሪ ኢማም አሕመድ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በጦርነት ከወደቁ በኋላ ሐረር ጦሯ ተበትኖ፣ ጉልበቷ ዝሎ ነበር። የኦሮሞ ጦርም ወደ ከተማዋ እየተቃረበ መጣ። የኢማሙን ባለቤት ድል ወንበራን ያገቡት አሚር ኑር ያኔ ከተማዋን በግንብ አጠሯት። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝመው ይህ የድንጋይ አጥር አምስት በር ነበረው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ማታ ማታ ይዘጉ ነበር።

በሩ ቢዘጋም እንግዳ አልቀረም። የሚገርመው፣ ስማቸው ከገነነው ሦስቱ የመጡት እንደኛው በገና ሰሞን ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. ደረሰ። መንገዱን የዐረብ ነጋዴ መስሎ ጀምሮ፣ ከተማዋ ደጃፍ ሲደርስ ግን የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ ብሎ አሚር አሕመድ ፊት ቀረበ። አሥር ቀን ቆይቶ በሰላም ወጣ።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በታኅሣሥ 1873 ዓ.ም. መጣ። ከተማዋ ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ በግብፆች እጅ ነበረች። ራምቦ ግጥም መጻፍ ትቶ ስለነበር ሐረር የገባው ቡናና ቆዳ ሊነግድ ነው።

ሦስተኛው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን የአሚር አብዱላሂ ጦር ጨለንቆ ላይ ገጠማቸውና ተሸነፈ። ጦርነቱ ከከተማዋ ርቆ ስላለቀ፣ ለዚህ ቀን የተሠራው ግንብ ሳይፈተን ቀረ። ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ አገረ ገዥ ሆነው የተሾሙት መኮንን፣ የኋላው ራስ፣ ነበሩ።

አንዱ በመልእክተኛ ስም፣ አንዱ በንግድ፣ አንዱ በጦር። ግንቡ ሰው መግባቱን አልከለከለም፤ የሚገባው ሰው ሰበብ እንዲያበጅ ግን አስገደደው። ሰበብ ያልተጠየቀው ጅብ ብቻ ነው። ሌሊት ገብቶ ጥራጊውን ያጸዳል፤ በአሹራ ቀን ደግሞ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል። በአበላሉም የመጪው ዓመት ዕጣ ይነበባል።

ከሰዓት በኋላ አንድ የሐረሪ ቤት ተጋበዝን። ልጆቹ ሮጠው ከፍተኛው መደብ ላይ ሊወጡ ሲሉ የቤቱ እመቤት ሳቅ እያሉ ያዟቸው። በቀይ አፈር የተቀባው መደብ፣ ነደባ የሚሉት፣ ለየማዕረጉ የተለየ ነው፤ የአዋቂው ሌላ፣ የልጁ ሌላ። እንግዳ ከበር አልፎ ከገባ በኋላም ቦታውን ማወቅ አለበት።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጁገል ዛሬ መኪና የሚያልፍበት ስድስተኛ በር አለው። እኛም የመጀመሪያውን ቀን በባጃጅ የገባነው በዚያው ነው፤ ምኑንም ሳናይ። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ወላጆች ከመኪናው ውረዱና ከአምስቱ በአንዱ በእግራችሁ ግቡ። ከግንቡ ሥር ቀዳዳ ካያችሁም ፈርሷል አትበሉ።