ቡቃያን የሚያረዝመው ጭነት፦ ኤክሶሲስት በግንድና በሥር

ጨለማ ውስጥ የበቀለ ቡቃያ ገርጥቶና ቀጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል። አራቢዶፕሲስ በተባለችው የቤተ ሙከራ ተክል ይህን ርዝመት የሚያመጣው የሕዋሳት መብዛት አይደለም። ከሥሩ መነሻ እስከ ዘር ቅጠሎቹ ድረስ በአንድ መስመር የተደረደሩት የግንዱ ውጫዊ ሕዋሳት 20 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ግንዱ የሚረዝመው እነዚያው ሲለጠጡ ነው። የሚለጠጥ ሕዋስ ደግሞ ግድግዳው እንዳይሳሳ ያለማቋረጥ አዲስ ቁስ ይሻል። የግድግዳው ቁሶች ፔክቲንና ሄሚሴሉሎስ ጎልጂ በተባለው የሕዋሱ ክፍል ውስጥ ተዘጋጅተው በጥቃቅን ከረጢቶች ይመጣሉ። ሴሉሎስ የሚሠራው እዚያው የሕዋሱ ሽፋን ላይ ቢሆንም፣ ሠሪዎቹ ኢንዛይሞች የሚደርሱት በዚሁ መንገድ ነው።

ከረጢቱ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ከመዋሐዱ በፊት ይዞ የሚያስጠጋው ኤክሶሲስት የተባለ የ8 ፕሮቲኖች ጥምረት ነው። የዚህ ጥምረት ጥናት የተጀመረው በእርሾ ነው፤ ፒተር ኖቪክና ራንዲ ሼክማን ፕሮቲን ወደ ውጭ ማውጣት የተሳናቸውን የእርሾ ዝርያዎች ለይተው ባወጡበት ጥናት። እርሾ ኤክሶ70 ለተባለው አባል አንድ ጂን ሲበቃው አራቢዶፕሲስ 23 አላት። ይህን ያህል ብዛት ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የጥምረቱ አባላት የተጓደሉባቸው ቡቃያዎች በጨለማ ግንዳቸው በሚገባ አይረዝምም። ከአባላቱ ሴክ8 እና ከኤክሶ70 ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኤክሶ70ኤ1 አብረው ሲጓደሉ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ከሚሆነው በላይ ይከፋል፤ ይህም ሁለቱ ለአንድ ሥራ እንደሚተባበሩ ጥሩ ምልክት ነው።

የሥሩ ጉዳይ ግን ይወሳሰባል። በእነዚሁ ተክሎች ሥሩም ያጥራል፤ ሆኖም እዚህ የጎደለው የግድግዳ ቁስ ብቻ አይደለም። ኦክሲን የተባለውን የእድገት ሆርሞን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚያሳልፉት ፒን ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ውስጥ እየገቡ ተመልሰው ሽፋኑ ላይ ይሰፍራሉ። ኤክሶሲስት ሲጓደል ምልሰታቸው ይዘገያል፣ የኦክሲንም ጉዞ ይዳከማል። ስለዚህ ሥሩ ያጠረው ቁስ አጥቶ ነው ወይስ ትእዛዝ? ርዝመቱን በመለካት ብቻ አይታወቅም።

ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚገልጠው የካስፓሪ ቀበቶ ነው። ቀበቶው በሥሩ ውስጥ ማዕከላዊ ቧንቧዎቹን በሚከብቡት ሕዋሳት ግድግዳ መካከል ይዘረጋል፤ ውኃና ማዕድን በግድግዳው በኩል ሾልኮ እንዳያልፍም ያግዳል። ቦታውን የሚወስኑት ካስፕ ፕሮቲኖች ናቸው። ኤክሶ70ኤ1 ሲጎድል ካስፕ1 ሽፋኑ ላይ መድረሱ አልቀረም፤ ነገር ግን በአንድ ቀበቶ መሰለፉ ቀርቶ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ ይበተናል። ጭነቱ ደርሷል፣ አድራሻው ግን ጠፍቷል።

እንግዲህ ኤክሶሲስትን አመላላሽ ብቻ አድርጎ ማየት አያስኬድም። አጭር ሥር አይተው «የማድረስ ጉድለት» ብለው የሚደመድሙ ጸሐፊዎች ቢያንስ በጨለማ ያደገውን ግንድና የፒን ፕሮቲኖችን አቀማመጥ ጎን ለጎን ሊያሳዩን ይገባል።