ወደ ላዤስ የታጠፈው በረራ

ነሐሴ 18 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በአዞረስ ደሴቶች አቆጣጠር ከሌሊቱ 11:45። ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን የሚበረው የኤር ትራንሳት ኤርባስ ኤ330 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው። 306 ሰዎች ይዟል። ሁለቱም ሞተሮች ይሠራሉ። ይሁን እንጂ መቆጣጠሪያው ነዳጁ ባልተጠበቀ ፍጥነት እየቀነሰ መሆኑን ያሳያል። ዋና አብራሪው ሮበርት ፒሼና ረዳቱ ዲርክ ደ ያገር ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ይሆናል ብለው ጠርጥረዋል። ቢጠራጠሩም ሊዝበንን ትተው በአዞረስ ወደሚገኘው የላዤስ አየር ጦር ሰፈር ዞሩ።

ፒሼን ዓለም ያወቀው አውሮፕላኑን ያለ ሞተር በማሳረፉ ነው። እኔ ግን ከዚያ አስቀድሞ የወሰነውን አስበልጣለሁ። ገና ማስረጃው ሳይሟላ፣ ሞተር ሳይጠፋ መንገድ መቀየር ከባድ ነው፤ መንገደኛ ይጉላላል፣ ወጪ ይመጣል፣ ጥርጣሬውም ከንቱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ጥርጣሬው ከንቱ አልነበረም። ከቀናት በፊት ቀኝ ሞተሩ ሲቀየር እርስ በርስ የማይገጥሙ ዕቃዎች ስለተገጠሙ የነዳጅና የሃይድሮሊክ ቱቦዎች ተፋተጉ፤ የነዳጁ ቱቦም ተሰነጠቀ። አብራሪዎቹም ተሳስተዋል፦ የሁለቱን ክንፎች ነዳጅ ለማመጣጠን ብለው የግራውን ወደ ቀኝ ሲያስተላልፉ፣ ሳያውቁት በስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ አፈሰሱት።

ከንጋቱ 12:13 ላይ ቀኙ ሞተር ጠፋ። በ12:26 ግራውም ተከተለ። አውሮፕላኑ በ34 ሺህ 500 ጫማ ከፍታ ላይ፣ ላዤስ ሊደርስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶት ነበር። ሌላም ነገር ረድቷቸዋል፦ በአየር መስመሩ መጨናነቅ ምክንያት ተቆጣጣሪዎች ቀደም ብለው መንገዳቸውን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዞረስ አቅርበውት ነበር።

ለ19 ደቂቃ ያህል በአየር ተንሳፈፉ። በነፋስ የምትሽከረከር ትንሽ ተርባይን ለዋና ዋና መሣሪያዎች ኃይል ሰጠች። ፒሼ ከፍታው ስለበዛበት ሙሉ ዙር ዞሮ፣ እየተጠማዘዘ ወረደ። በ12:45 ጎማዎቹ መንደርደሪያውን በኃይል መቱ፤ ብዙዎቹም ፈነዱ። 18 ሰዎች ተጎዱ፤ የሁለቱ ጉዳት ከባድ ነበር። የሞተ ግን የለም።

የፖርቱጋል መርማሪዎች የጥገናውንም የአብራሪዎቹንም ስሕተት በሪፖርታቸው አስፍረዋል። የካናዳ መንግሥት አየር መንገዱን 250 ሺህ የካናዳ ዶላር ቀጣ። የኤርባስ ኮምፒውተርም የቀረውን ነዳጅ ከበረራ ዕቅዱ ጋር እያነጻጸረ፣ ሞተሮቹ ከሚፈጁት በላይ ሲቀንስ በግልጽ እንዲያስጠነቅቅ ተደረገ።