የነፋስ መውጫ አልኮል ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

አልኮል ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል ቢሉን ከኬሚስትሪ ክፍል የተረፈችንን መልስ እንወረውራለን፤ 78.4፡፡ እሺ፣ የት? ነፋስ መውጫ ከባህር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፡፡ እዚያ ንጹህ ኤታኖል 69 ዲግሪ አካባቢ፣ ውሃም 90 አካባቢ ይፈላል፡፡ (የደጋ ንፍሮ ለምን ያን ሁሉ ማገዶ እንደሚፈጅ ገባችሁ?) ወደ ስማዳ፣ ወደ በሽሎ ሸለቆ ስትወርዱ ቁጥሩም አብሮ ሽቅብ ይወጣል፡፡

ይህንኑ ነገር ገልብጦ የተጠቀመበት ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው፡፡ ደብረ ታቦር የራስ አሊ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848፣ አገራችንን ሲዞር ውሃ እያፈላ የእንፋሎቱን ሙቀት ይለካ ነበር፡፡ መፍያው ዝቅ ባለ ቁጥር ቦታው ከፍ ያለ ነው፡፡ ጋይንት፣ እስቴና ፋርጣ በሚጋሩት የጉና ተራራ ጫፍ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ፣ ውሃ 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል፡፡

አውሮፓ ደግሞ አልኮሉን ራሱን ትለካ ነበር፤ ዋናው ምክንያት ሳይንስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቀረጥም ነው! ጌይ ሉሳክ የአልኮል መለኪያውን በ1824 አወጣ፡፡ ሜንዴሌቭ በ1865 የአልኮልና የውሃ ድብልቅን ጥግግት ለክቶ ዶክትሬቱን ያዘበት፡፡ የቮድካን 40 በመቶ እሱ ወሰነ የሚባለው ግን ተረት ነው፡፡

የእኛዋ አረቄ አውጪስ? ድፍድፉን በማሰሮ ታሞቃለች፤ አልኮል የበዛበት እንፋሎት ቀድሞ ይነሳል፣ በሸምበቆው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል፡፡ ጥንካሬውን በክብሪት ትፈትነዋለች፡፡ ተራው አረቄ 35 በመቶ፣ ዳግሙ 45 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፡፡ ያለ ቴርሞሜትር እዚህ መድረስ ለእኛ ትልቅ ሙያ ነው፤ የትኛውም የሳይንስ ታሪክ መጽሐፍ ስሟን ባይጽፈውም፡፡

ክብሪቱ የማይናገረው ግን አንድ ነገር አለ፡፡ ሰው የሚያሳውረውና የሚገድለው የፋብሪካ ሜታኖል ሲቀላቀልበትም መጠጡ ይነዳል፡፡ በጌይ ሉሳክ መለኪያም አይያዝም፤ የኤታኖል ጥግግት 0.789፣ የሜታኖል 0.792 ነውና፡፡ ንጹህ ሲሆኑ አጥርቶ የሚለያቸው መፍያቸው ነው፤ በባህር ወለል ላይ 78.4 እና 64.7፣ ነፋስ መውጫ ላይ 69 እና 56 ገደማ፡፡ ከውሃና እርስ በርስ ከተደባለቁ በኋላ ግን ማሰሮና ሸምበቆ አይነጣጥላቸውም፤ ያ የላብራቶሪ ሥራ ነው፡፡