መጽሐፍና ምክር፦ ከጉዱማሌ የተነሣ ሐተታ

በሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ጉዱማሌ የሚባል ሰፊ የመሰብሰቢያ ሜዳ አለ። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምበላላን በየዓመቱ በዚያ ያከብራል። የበዓሉን ዕለት የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት የሰማይ ምልክት አዋቂዎች ሲሆኑ፣ ይህንም የሚያደርጉት የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ስለ አመጣጡ ሲነገር የኖረው ትረካ ግን የንጉሥም የጦርነትም አይደለም። አንዲት ባለ ትዳር ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆችዋንና ዘመዶችዋን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ያመጣችውንም ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይቋደሰው ነበር ይባላል። ዛሬም በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ሕፃናት ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤቱን ሰላም ሲሉ የሚቀርብላቸው ያው ቡርሳሜ ነው።

ሕዝቡ የዓመቱን መባቻ ከአንዲት ሴት ጥየቃ ጋር ማያያዙ ልብ ሊባል ይገባዋል። በአማርኛም ዘመድን ወይም በሽተኛን ሄዶ ማየትና ጥያቄ ማቅረብ በአንድ ቃል «መጠየቅ» ይባላሉ። የታመመውን ያልጠየቀ ሰው ይወቀሳል፤ የሚወቀሰውም መድኃኒት ባለማምጣቱ ሳይሆን «እንዴት ነህ?» ባለማለቱ ነው። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የተጨነቀን ሰው መጠየቅና መምከር ከመጽሐፍ የሚገኝ ዕውቀት ሲሆን በሀገራችን እንዴት እንደ ተጓዘ መመልከት ነው።

የሲዳማ ሽማግሌዎች በሸንጎአቸው፣ በሶንጎ፣ አንድ ነገር ለውይይት ሲቀርብ «አፊኒ» የሚል ቃል ያሰማሉ። ፍቺው «ሰምታችኋልን?» እንደ ማለት ነው። ነገሩን ያቀረበው ሰው መናገሩ ብቻ አይበቃም፤ የተቀመጠው ሁሉ መስማቱ መረጋገጥ አለበት። ፍርድና ዕርቅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የሚፈለገውም «ሀላሌ» የሚባለው እውነት ነው። ይህ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው በአንደበት እንጂ በጽሑፍ አልነበረም።

ወደ አማርኛው ስንመለስ «መከረ» የሚለው ግሥ ሁለት መልክ አለው። ለሌላው ምክር መስጠትም ነው፤ ከሌላው ጋር ተቀምጦ ነገርን ማውጣትና ማውረድም ነው። «ምክር ቤት» የተባለው በሁለተኛው ፍቺ ነው። በዕለት ኑሮ የሚበረታው ግን የመጀመሪያው ሲሆን፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረትም የቆመው በዚያው ወገን ነው። በተረቱ ውስጥ መካሪው ዐዋቂ፣ ተመካሪው እምቢተኛ ነው፤ ያን ሰው ቀድሞ የሰማው ስለ መኖሩ የተባለ ነገር የለም። «አማካሪ መሐንዲስ» የሚለውን ማዕርግ የያዙ ባልደረቦችም ይህን ቢያስተውሉ አይከፋም። በሙያው ልማድ አማካሪ ማለት ችግሩ ሳይነገር የቀረ ቢሆን እንኳ መፍትሔ የሚያቀርብ ሰው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና።

የጽሑፍ ምክር በሀገራችን ሥሩ ረጅም ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። የመጽሐፉ ነገር ከግሪክ ጠቢባን ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ኀዘን፣ ስለ ወዳጅነትና ስለ አንደበት ብዙ ምክር ይዟል። በዘመናችን ይህን መጽሐፍ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለዓለም ያስተዋወቁት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር ናቸው። ሰምነር እንዳመለከቱት፣ የኢትዮጵያ ተርጓሚ የመጣለትን ቃል በቃል የሚገለብጥ አልነበረም፤ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ ለሀገሩ ሰው በሚስማማ መንገድ ያሰናዳል።

ከዚህም ይልቅ ወደ ሰው ውስጣዊ ሕይወት ጠልቀው የሚገቡት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ሦስቱም መሠረታቸው ከሶርያ አበው ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ስለ ሐሳብ መባዘን፣ ስለ ተስፋ መቁረጥ፣ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ስለሚመጣበት ጭንቀት የተጻፈውን ያነበበ፣ ዛሬ ሥነ ልቡና በሌላ ስም የሚጠራውን ብዙ ነገር ያገኝበታል። በመንፈሳዊ ዓላማቸውና በዘመናዊው ሳይንስ መካከል ያለውን ልዩነት መርሳት ግን ስሕተት ይሆናል።

የእነዚህ መጻሕፍት አነባበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ጥግ አይቀመጥም። መምህሩ በአንድምታ፣ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ይተረጉሙለታል፤ እርሱም ሰምቶ ይመልሳል። አንድ ቃል አንድ ትርጓሜ ብቻ አለው ብሎ የሚቸኩል ተማሪ በጉባኤው ውስጥ ረጅም ዕድሜ የለውም። ምክሩ ወደ ምእመናን ሲወርድም በመጽሐፍ መልክ አልደረሰም፤ የነፍስ አባት ቤት ድረስ ሄዶ፣ የቤተሰቡን ጠብና ሐዘን ሰምቶ፣ ያነበበውን በልኩ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው ነበር፤ ቢያንስ ሥርዓቱ የሚጠይቀው ይህን ነው። ያነበበው እየሳሳ፣ የሰማው እየረሳ የሄደ የነፍስ አባት አልነበረም ለማለት ግን የሚደፍር የለም።

በታተመ መጽሐፍ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲያሳትሙ፣ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር የሚነጋገርበትን መጽሐፍ ለአማርኛ አንባቢ አቀረቡ። አንባቢው ብቻውን ነው፤ መምህር አጠገቡ የለም። ከዚያ በኋላ በየመጻሕፍት መደብሩና በየአስፋልቱ ዳር የተደረደሩት፣ ራስህን ለውጥ፣ ጭንቀትን አሸንፍ የሚሉት ትርጉሞች ሁሉ በዚሁ ጎዳና የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ እነዚህ መጻሕፍት አባት ጥቂት ማለት ተገቢ ነው፤ መሐንዲሶችን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለበትና። «ራስን መርዳት» የሚለውን ስም ለዚህ ዓይነት ድርሰት የሰጠው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1859 በእንግሊዝ ሀገር የታተመ ሲሆን፣ ደራሲው ሳሙኤል ስማይልስ በትምህርቱ ሐኪም ነበር። የጥንቶቹን የብሪታንያ መሐንዲሶች የሕይወት ታሪክ በሰፊው የጻፈውም ይኸው ሰው ነው። መጽሐፉ የተወለደው ግን በብቸኛ ደራሲ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። በሊድስ ከተማ ጥቂት ወጣት ሠራተኞች በማታ እየተሰበሰቡ፣ የሚያውቀው የማያውቀውን ሊያስተምር ተስማሙ፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ቀድሞ ለኮሌራ በሽተኞች ማቆያ የነበረ አንድ ክፍል ተከራዩ። ስማይልስ እ.ኤ.አ. በ1845 ንግግር እንዲያደርግላቸው የጋበዙት እነዚህ ናቸው። ዓለም «ራስን መርዳት» ብሎ ያነበበው ነገር በመነሻው እርስ በርስ መረዳዳት ነበር። የመጽሐፉ ርእስ ይህን ሸፈነው።

ወደ ሲዳማ ምድር እንመለስ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ጆን ሀመርና አይሪን ሀመር የተባሉ ባልና ሚስት በሲዳማ መካከል ተቀምጠው ጥናት አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት ጽሑፍ መንፈስ አደረበት የሚባለው ሰው ሁኔታ ያለውን ማኅበራዊና ሥነ ልቡናዊ ፍቺ የሚመረምር ነበር። የሲዳማ ሰው ጭንቀት በሥነ ልቡና ቋንቋ ሲጻፍ እንዲህ ጀመረ፤ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ የተጻፈለት ሕዝብ ሊያነበው አልቻለም። የሲዳምኛ ንባብ ለብዙኃኑ መድረስ የጀመረው በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ሲዳምኛ ለዘመቻው ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር።

ዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና በበኩሉ ለብዙ ዓመታት በአንድ ቅጥር ውስጥ ተወስኖ ኖረ። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ሲጀመር፣ ሠልጣኞቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል እየሄዱ እንዲሠሩ ታሰበ። የአእምሮ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል የተፈጸመ አንድ ጥናት ከሁሉም ይልቅ ሊጤን ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የጭንቀት ሕመምን በቀላሉ ለመለየት ያዘጋጀው፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች የያዘ መጠይቅ አለ። ራስ ምታት አለብህን? እንቅልፍ ይነሣሃልን? ምግብ ይዘጋሃልን? እያለ ይቀጥላል። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ እጅግ የሚያምር መሣሪያ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ውጤቱ በቁጥር ይወጣል። ይህ መጠይቅ ለኢትዮጵያ ሲውል፣ ኮርትማንና ቴን ሆርን የተባሉ የኔዘርላንድ አጥኚዎች አንድ ሌላ ነገር ለማየት ፈለጉ። መልሱን ከመቁጠር አልፈው፣ ተጠያቂው ጥያቄውን እንዴት እንደ ተረዳውና ለምን እንዲያ እንደ መለሰ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ውጤት የሚያስደነግጥ ነበር። ብዙዎቹ መልሶች ጠያቂው ላሰበው ጥያቄ የተሰጡ አልነበሩም። ተጠያቂው ቃሉን በሌላ መንገድ ይረዳዋል፤ ወይም ይህ ሰው ይህን የሚጠይቀኝ ምን ሊያደርግልኝ ነው ብሎ መልሱን በዚያ ያስተካክለዋል።

ይህ ስሕተት የትርጉም ጉድለት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ያስፈልጋል። ቃሉ በትክክል ቢተረጎምም፣ አንድ የገጠር ሰው ወረቀት ይዞ ከመጣ እንግዳ ፊት ቆሞ «እንቅልፍ ይነሣኛል» ሲል፣ ስለ እንቅልፉ ብቻ እየተናገረ አይደለም። ስለ መሬቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዕዳው እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው «አፊኒ» ሲል የሚፈልገው መረጋገጥ በመጠይቁ ቅጽ ላይ ቦታ አልተሠራለትም። መለኪያው ሳይፈተሽ ንባቡን ማመን በሙያችን ዘንድ ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፣ እዚህም የሆነው ይኸው ነው።

የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ከዚህ ሳይማሩ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ በተካሄደው ትልቅ የአእምሮ ሕመም ጥናት፣ ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ሲጠየቁ መጠይቁ ብቻውን አልተላከም። ጎረቤቶቻቸውን የሚያውቁ የመንደሩ ሰዎችም ታማሚውን እንዲጠቁሙ ተደረገ። ሰው በገዛ አንደበቱ የማይናገረውን ሕመም ጎረቤቱ ያውቀዋል። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ዘመን መውሰዱ ያስገርማል።

በአሜሪካም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው የምክር መጽሐፍ ውስጥ፣ ከአንድ ተመካሪ ጋር የተደረጉ 8 ውይይቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ታትመዋል። ይህ ሊሆን የቻለው ድምፅ በሸክላ ላይ መቅረጽ የሚችል መሣሪያ ስለ ተገኘ ነው። ከዚያ በፊት አማካሪዎች ስለ ሥራቸው የሚጽፉት ከትዝታቸው ነበር፤ ትዝታ ደግሞ ለባለቤቱ ያደላል። ሸክላው ሲሰማ፣ እኔ ልምራህ የሚለው አማካሪ ከተጨነቀው ሰው ይልቅ ብዙውን ጊዜ ራሱ ሲናገር እንደ ኖረ ታወቀ። ለምክር ትምህርት ከብዙ መጻሕፍት ይበልጥ የጠቀመው ይህ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐዋሳ ዛሬ የእነዚህ ሁሉ ነገሮች መገናኛ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ሥነ ልቡናን ያስተምራል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ብዙ ሺህ ሠራተኞችን ቀጥሯል፤ አብዛኞቹም ከቤተሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተለዩ ወጣት ሴቶች ናቸው። የመስመር ኃላፊውና የጥገናው መሐንዲስ፣ ወደዱም ጠሉም፣ በየቀኑ ከእነዚህ ልጆች ጭንቀት ጋር ይገናኛሉ። አንዲት ሠራተኛ መኪናዋ ላይ እያለች እንባዋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያያት የሥነ ልቡና ባለሙያ አይደለም። የሚያያት ሰው መጽሐፍ ቢፈልግ መጽሐፍ አይጠፋም። ሕንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ቪክራም ፓቴል እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው መጽሐፍ የአእምሮ ሐኪም ለሌለበት ሥፍራ ተብሎ የተጻፈ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች መመሪያ አውጥቶ፣ ኢትዮጵያ ከቀደሙት ተጠቃሚዎች አንዷ ሆናለች።

መመሪያው ለመሐንዲስ ዓይን የሚስብ ነው። በቀስትና በሣጥን የተሠራ፣ «አዎ» ከሆነ ወደዚህ፣ «አይደለም» ከሆነ ወደዚያ የሚል የውሳኔ ሠንጠረዥ የሞላበት ነው። ሥልጠናው ግን በሠንጠረዡ አያልቅም፤ ሠልጣኞች አንዱ በሽተኛ፣ አንዱ ሐኪም ሆነው እንዲጫወቱ ይደረጋል። ከሠንጠረዦቹም በፊት አንድ አጭር ምዕራፍ አለ። የሚናገረው በሽተኛውን እንዴት መቀበል፣ እንዴት ሳይቸኩሉ ማዳመጥ፣ ምሥጢሩን እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ ነው። ቀስትም ሣጥንም ስለሌለበት፣ የቸኮለ አንባቢ ገልጦት ያልፋል።