የቴሌቪዥን የኃይል ክፍል ብልሽት

የቴሌቪዥን የኃይል ክፍል ብልሽት ማለት ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለቴሌቪዥኑ በሚስማማ መጠን ቀይሮ የሚያከፋፍለው የውስጥ ክፍል ሲዳከም ወይም ሥራውን ሲያቆም የሚፈጠር ችግር ነው። ጠጋኞች ይህን ክፍል «ፓወር ሰፕላይ» ወይም «ፓወር ቦርድ» ይሉታል። በኤልሲዲ፣ በኤልኢዲና በኦሌድ ቴሌቪዥኖች ላይ በብዛት ከሚታዩ ብልሽቶች አንዱ ሲሆን፣ ስክሪኑም ሆነ ዋናው ቦርድ ደህና እያሉ መሣሪያው ጨርሶ እንዳይበራ ሊያደርግ ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ብልሽት ከመብራት መቆራረጥና ከቮልቴጅ መዋዠቅ ጋር በቅርብ ይያያዛል። እንደ ቆቦና አካባቢው ባሉ የራያ ቆላማ ሥፍራዎች ደግሞ ሙቀትና አቧራ ይጨመሩበታል። ቴሌቪዥን ለብዙ ቤተሰብ የወራት ቁጠባ የሚወጣበት ዕቃ በመሆኑ፣ ጥቂት ብር የሚያወጣ አንድ ክፍል በመበላሸቱ ብቻ ሙሉው መሣሪያ እንዳይጣል መንስኤውን ማወቅ ይጠቅማል።

አሠራር

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ጅረት ነው። የቴሌቪዥን ቺፖችና የስክሪን መብራቶች ግን የሚሠሩት በቀጥተኛ ጅረት ነው። ዋናው ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው 12 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ነው። የኃይል ክፍሉ ለውጡን የሚያካሂደው በአራት ደረጃ ነው፦

1. መግቢያ፦ ቫልቮላ (ፊውዝ)፣ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚውጥ ቫሪስተር እና ስፒናው ሲሰካ የሚፈጠረውን የመጀመሪያ ጅረት የሚገታ ቴርሚስተር ይገኙበታል።
2. ማቃኛ፦ ዳዮዶች ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ ይቀይሩታል። 220 ቮልት ገብቶ በትልቁ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። በትልልቅ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ተጨማሪ ሰርኪዩት ይህን ወደ 400 ቮልት ገደማ ያሳድገዋል።
3. መቆራረጫ፦ ትራንዚስተር ይህን ቮልቴጅ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ውስጥ ያሳልፈዋል።
4. መውጫ፦ ዝቅ ያለው ቮልቴጅ እንደገና ወደ ቀጥተኛ ጅረት ተቀይሮ፣ በሌሎች ካፓሲተሮች ተስተካክሎ ለዋናው ቦርድና ለስክሪኑ መብራት ይሰጣል።

ቴሌቪዥኑ በሪሞት ሲጠፋ የኃይል ክፍሉ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ስፒናው እስከተሰካ ድረስ አንድ ንዑስ ክፍል የሪሞቱን ትእዛዝ ለመጠበቅ ይሠራል፤ ቀይዋ መብራት የዚህ ምልክት ናት። ስለዚህ «ጠፍቷል» የተባለ ቴሌቪዥንም በሌሊት በሚመጣ የቮልቴጅ ግፊት ሊቃጠል ይችላል።

መንስኤዎች

ሙቀትና የካፓሲተር እርጅና

በኃይል ክፍል ውስጥ ቀድመው ከሚያረጁት መካከል ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ይገኛሉ። እነዚህ በውስጣቸው ፈሳሽ ኬሚካል ስላላቸው በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃሉ። በመስኩ የተለመደው የግምት ደንብ፣ የካፓሲተሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል።

ለምሳሌ በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት እንዲሠራ የተመደበ ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ቢሠራ፣ ልዩነቱ 40 ዲግሪ ስለሆነ ዕድሜው አራት ጊዜ እጥፍ እየሆነ 32,000 ሰዓት ይደርሳል። ቴሌቪዥኑ በቀን 6 ሰዓት ቢበራ ይህ ከ14 ዓመት በላይ ነው። ያው ካፓሲተር በ75 ዲግሪ ቢሠራ ግን 16,000 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 7 ዓመት ገደማ ብቻ ይቆያል። ርካሽ ወይም አስመስሎ የተሠራ ካፓሲተር ከዚህም ሊያንስ ይችላል።

የቮልቴጅ መዋዠቅ

አብዛኞቹ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበሉ የተሠሩ ናቸው። በመሆኑም ዝቅተኛ ቮልቴጅ ወዲያው አያበላሻቸውም። ነገር ግን የኃይል ክፍሉ ያንኑ ኃይል ለመስጠት ብዙ ጅረት ስለሚስብ ይበልጥ ይሞቃል።

ከፍተኛ ቮልቴጅ ግን በቅጽበት ይጎዳል። በጣም አደገኛው የኒውትራል ገመድ መበጠስ ወይም መላላት ነው። የኢትዮጵያ ማከፋፈያ መስመር ሦስት ፌዝ ያለው ሲሆን በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ነው። ኒውትራሉ ሲበጠስ 220 ያገኝ የነበረ ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊደርሰው ይችላል። በአንድ ምሽት በአንድ ሠፈር የብዙ ቤት አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ አብሮ ሲቃጠል ቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

መብራት ለሰከንዶች ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ጉዳቱ ለሰዓታት ከመጥፋት ሊብስ ይችላል። በመግቢያው ያለው ቴርሚስተር የመጀመሪያውን ጅረት የሚገታው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ገና ሳይበርድ መብራቱ ከመጣ መገደቡን በደንብ አይሠራም። ትልቁ ካፓሲተር ከባድ ጅረት በአንድ ጊዜ ሲስብ ዳዮዶቹና ቫልቮላው ይጎዳሉ። በተጨማሪም ቴሌቪዥኑ ሶፍትዌሩን በማዘመን ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ የማስታወሻ ቺፑ መረጃ ሊበላሽ ይችላል። ይህ ከውጭ ሲታይ የኃይል ብልሽት ቢመስልም የዋናው ቦርድ ችግር ነው።

መብረቅ፣ አቧራና ነፍሳት

መብረቅ መስመሩን በቀጥታ ባይመታም በአቅራቢያው ሲወርድ በኤሌክትሪክ መስመርና በዲሽ ገመድ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል። አቧራ የአየር መተላለፊያውን ደፍኖ ሙቀት ያፍናል፤ እርጥበት ሲጨመርበትም ጅረት ያሳልፋል። ጉንዳንና በረሮም ሙቀት ፍለጋ ገብተው አጭር ዙር ይፈጥራሉ።

በቆቦና በራያ ቆላማ አካባቢ

ቆቦ በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ ዞን የራያ ቆቦ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በከፍታው ልዩነት ምክንያት ቆቦ ከአዲስ አበባ በግልጽ የምትሞቅ ስትሆን፣ በበጋው መጨረሻ የቀን ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ከላይ እንደተገለጸው 10 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት የካፓሲተርን ዕድሜ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን በቆርቆሮ ክዳን ሥር ባለ የቆላ ቤትና በደጋ ቤት እኩል ዕድሜ ሊኖረው አይችልም። ሜዳው በደረቅ ወራት አቧራማ መሆኑም ጉዳቱን ያባብሳል።

በቆቦ–ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተሳበ ለመስኖ ይውላል። ማንኛውም ትልቅ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጅረት ስለሚስብ፣ በዚያው መስመር ላይ ያሉ ቤቶች ቮልቴጅ ለአፍታ ይወርዳል፤ ሲቆም ደግሞ ይወጣል። በወፍጮ ቤትና በብየዳ ቤት አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች አምፖላቸው ሲደበዝዝ የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ የዞኑ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ለወራት ተቋርጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰዎች ወደ ጄነሬተርና ወደ ሶላር ይዞራሉ። ሆኖም ፍጥነቱ የማይረጋ ጄነሬተር የሚሰጠው ቮልቴጅም አይረጋም፤ ርካሽ ኢንቨርተርም ለስላሳ ሞገድ ስለማይሰጥ የኃይል ክፍሉን ሊያሞቀው ይችላል።

ዋጋና ዕድሜ

ውድ ቴሌቪዥን የግድ ረጅም ዕድሜ ያለው የኃይል ክፍል አለው ማለት አይደለም። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከስክሪኑ ስፋትና ጥራት፣ ከብርሃኑ ድምቀትና ከሶፍትዌሩ ነው። እነዚሁ ባሕርያት ደግሞ በኃይል ክፍሉ ላይ ጫና ይጨምራሉ፤ ድምቀት ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ቀጭን አካልም ሙቀት የሚወጣበትን ቦታ ያጠባል።

በሌላ በኩል «የድሮው ቴሌቪዥን አይበላሽም ነበር» የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት ያገለገሉት ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖችም ይበላሹ ነበር። ዛሬ የምናያቸው ከብልሽት የተረፉትን ብቻ ስለሆነ ሁሉም ጠንካራ ይመስሉናል። የተለወጠው በተለይ ጥገናው ነው፤ ቀድሞ በተናጠል ይለወጥ የነበረው ክፍል ዛሬ በአንድ ቦርድ ላይ ተጠቃሏል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጉድለት ያለባቸው ካፓሲተሮች በኮምፒውተሮችና በሌሎች መሣሪያዎች ላይ በስፋት ተበላሽተዋል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በቀረበበት የጋራ ክስ፣ በካፓሲተር ምክንያት በአግባቡ የማይበሩ የቀድሞ ቴሌቪዥኖቹን ለመጠገን ተስማምቷል። የእነዚህ መሣሪያዎች ምልክት ከመብራታቸው በፊት ደጋግሞ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ነበር።

ምልክቶች

- ቀይዋ መብራትም ካልበራች ቫልቮላው ወይም የመግቢያው ክፍል ተቃጥሎ ይሆናል። በቅድሚያ ግን ሶኬቱን በሌላ ዕቃ መሞከር ያስፈልጋል።
- ቀይዋ መብራት እየበራች ቴሌቪዥኑ ካልተነሳ፣ ወይም በርቶ ወዲያው ከጠፋ፣ የመውጫ ካፓሲተሮች ደክመው ወይም ዋናው ቦርድ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።
- ድምፅ እየተሰማ ምስል ከሌለ፣ በኤልኢዲ ቴሌቪዥን ላይ የጀርባ መብራቱ ሳይቃጠል አይቀርም። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ሲበራ ደብዛዛ ምስል ከታየ ስክሪኑ ደህና ነው።
- የመቃጠል ሽታ ወይም የፍንዳታ ድምፅ ካለ ስፒናውን ነቅሎ መልሶ አለመሰካት ነው።

መከላከያ

1. መብራት ሲጠፋ ስፒናውን መንቀል፤ ከመጣ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች መረጋጋቱን ጠብቆ መሰካት።
2. በነጎድጓድ ጊዜ ስፒናውንም የዲሹንም ገመድ መንቀል።
3. ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ የሚያቋርጥ መከላከያ መጠቀም። ስታብላይዘር ሲገዛ ከማስተካከል በተጨማሪ ማቋረጥና አዘግይቶ መልቀቅ መቻሉን ማረጋገጥ ይገባል። ተራ ዲቫይደር ሶኬት ከማብዛት በቀር ምንም አይከላከልም።
4. ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ፣ በጨርቅ ሸፍኖ አለማብራትና የድምቀት መጠኑን መቀነስ።
5. ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ቴሌቪዥን ከሆነ ከጀርባው የተጻፈውን ማንበብ። 110–120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ቮልቴጅ መቀነሻ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

ጥገና

የኃይል ክፍል ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚጠገን ነው። ጠጋኙ ያበጡ ካፓሲተሮችን በዓይን፣ የደከሙትን ደግሞ በመለኪያ ይለያል። የተለወጠው ካፓሲተር የቮልቴጅ አቅሙ ከነባሩ ማነስ የለበትም፤ የሙቀት ደረጃውም 105 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። የተቃጠለን ቫልቮላ መንስኤው ሳይታወቅ መለወጥ፣ ይባስ ብሎም በሽቦ መተካት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ልምድ የሌለው ሰው ክዳኑን መክፈት የለበትም።

የመለዋወጫ እጦት ጥገናን ከሚያሰናክሉት ዋነኛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ አምራቾች የውስጥ የኃይል ክፍልን ጨምሮ የተወሰኑ የቴሌቪዥን መለዋወጫዎችን፣ ሞዴሉ ለገበያ መቅረቡ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ7 ዓመት ለጠጋኞች እንዲያቀርቡ አስገድዷል። ፈረንሳይም በዚያው ዓመት ቴሌቪዥኖች ለጥገና ያላቸው ምቹነት በነጥብ ተለክቶ ለገዢው እንዲታይ አድርጋለች።

የገዢ መብት

በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ሻጩ የሰጠው ዋስትና ከዚህ የተሻለ ከሆነ በዚያ ይጠቀማል። ለዚህም ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት መያዝ፣ ዋስትናው በቮልቴጅ መዋዠቅ የደረሰን ጉዳት ይሸፍን እንደሆነም ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በመስመር ላይ ስለሚታይ ተደጋጋሚ የቮልቴጅ ችግር አቤቱታ የሚቀርበው፣ የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል የማከፋፈልና የሽያጭ ሥራውን ለተረከበው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።