በሶፍትዌር ልማት የሥራ ቃለ መጠይቅ የባሕርይና የተግባቦት ክህሎት ድርሻ

የባሕርይና የተግባቦት ክህሎት፣ በተለምዶ «ሶፍት ስኪል» የሚባለው፣ አንድ ባለሙያ የሚያውቀውን ለሌላው የሚያስረዳበት፣ ያልገባውን የሚጠይቅበት፣ እርማት የሚቀበልበትና ከባልደረቦቹ ጋር ተግባብቶ የሚሠራበት ችሎታ ነው። በሶፍትዌር ልማት ሙያ ይህ ክህሎት የሚመዘነው በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ በሚቀርብ የተለየ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዋናው ምዘና የሚካሄደው አመልካቹ የቴክኒክ ጥያቄውን እየሠራ ባለበት ጊዜ ነው። የሚከተለው መረጃ በተለይ ከእብናት፣ ከደብረ ታቦርና ከአካባቢው ተነሥተው የመጀመሪያ ሥራቸውን በሙያው ለሚፈልጉ ወጣቶች ያገለግላል።

ክህሎቱ ለምን ይመዘናል?

ሶፍትዌር በአንድ ሰው ተጀምሮ በአንድ ሰው የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው ያነብበዋል፣ ያርመዋል፣ ከዓመታት በኋላም ያሻሽለዋል። አሠራሩ ከወንፈል ጋር ይመሳሰላል፤ የአንዱ መዘግየት የሌላውን ማሳ ያስተጓጉላል። ስለዚህ አሠሪው አመልካቹ ኮድ መጻፍ መቻሉን ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው ሲበላሽ ቀድሞ የሚናገር መሆኑንም ማወቅ ይፈልጋል።

አመልካቾች የሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች ይህን አያሳዩም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና የእያንዳንዱን ተማሪ የትምህርት እውቀት ይለካል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭም በኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ፣ በአንድሮይድ መተግበሪያ ልማትና በዳታ ሳይንስ መሠረታዊ እውቀትን በኢንተርኔት እየሰጠ የምስክር ወረቀት ያስገኛል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ሆኖም ተመሳሳይ ማስረጃ የያዙ ብዙ አመልካቾች ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ ሲቀርቡ፣ ልዩነቱ የሚታወቀው በቃለ መጠይቁ ነው።

በቴክኒክ ጥያቄ ወቅት የሚታዩ ነጥቦች

*ጥያቄውን ማጥራት።* አመልካቹ «ከስም ዝርዝር ውስጥ የተደጋገሙትን የሚለይ ፕሮግራም ጻፍ» ቢባል፣ ወዲያው ወደ ኮድ መግባቱ ፈጣን አያሰኘውም። «ሠናይት» እና «ሰናይት» እንደ አንድ ስም ይቆጠሩ ወይስ እንደ ሁለት? ኮምፒውተሩ ሁለቱን የተለያዩ አድርጎ ያያቸዋል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን አንድ ሰው መሆናቸውን ሊገምት ይችላል። ይህን አስቀድሞ የጠየቀ አመልካች ተጠቃሚውን ማሰቡን አሳይቷል።

*እየሠሩ ማስረዳት።* ጠያቂው የሚመለከተው መልሱን ብቻ ሳይሆን የመልሱን መንገድ ነው። በዝምታ የተሠራ ትክክለኛ መልስ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በዝምታ የተሠራ የተሳሳተ መልስ ደግሞ ግማሽ መንገድ ትክክል ቢሆን እንኳ ያ ግማሽ አይታይም።

*እርማትን መቀበል።* ጠያቂዎች ሆን ብለው ፍንጭ ይሰጣሉ ወይም በመልሱ ላይ ተቃውሞ ያነሣሉ። የሚጠበቀው ምክንያቱን አዳምጦ ማመዛዘን ነው፤ ሳያጤኑ መስማማትም ሳያዳምጡ መከራከርም ተገቢ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ እርማት የሚቀበልበት «ነገራ» በአካባቢው የታወቀ ሥርዓት ነው። በሶፍትዌር ቡድን ውስጥ የሚካሄደው የኮድ ግምገማም ዓላማው ተቀራራቢ ነው፤ የሚታረመው ሥራው እንጂ ሰውዬው አይደለም።

*አለማወቅን በግልጽ መናገር።* «ይህን አልሠራሁበትም፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ አጣርቼ እጀምራለሁ» የሚል መልስ ከግምታዊ መልስ የበለጠ አመኔታ ያስገኛል።

ትሕትናና ዝምታ

በታላላቆች ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ሳይጠየቁ አለመናገርና የራስን ሥራ አለማወደስ በደጋው ማኅበረሰብ የመልካም አስተዳደግ ምልክቶች ናቸው። በቃለ መጠይቅ ጊዜ ግን ይህ ልማድ አንዳንድ ጊዜ እንደ አለማወቅ ይተረጎማል። በተለይ ሁሉንም ሥራ «ሠራን» ብሎ መናገር ለጨዋነት የተባለ ቢሆንም፣ ጠያቂው የአመልካቹን ድርሻ እንዳይለይ ያደርገዋል።

መፍትሔው ትሕትናን መተው አይደለም፤ በልክ መናገር ነው። ለቡድኑ የሚገባውን ለቡድኑ ሰጥቶ የራስን ድርሻ በትክክል መግለጽ ጉራ አይባልም። ለዚህም ሁኔታውን፣ የተሰጠውን ኃላፊነት፣ የተወሰደውን ርምጃና የተገኘውን ውጤት በቅደም ተከተል ማቅረብ ይጠቅማል። ለምሳሌ ስለ መመረቂያ ፕሮጀክቷ የተጠየቀች አመልካች «ለጤና ጣቢያ የምዝገባ ሥርዓት ሠራን፤ ጥሩ ነበር» ብትል ጠያቂው የሚይዘው ነገር አያገኝም። እንዲህ ብትመልስ ግን ሥራዋ በግልጽ ይታያል፦

«ቡድናችን አራት አባላት ነበሩት። የእኔ ድርሻ የምዝገባ ቅጹን መሥራት ነበር። የካርድ ክፍል ሠራተኞች የመጀመሪያውን ቅጂ ሲሞክሩ፣ መብራት በተቋረጠ ቁጥር የጀመሩት ምዝገባ እንደሚጠፋ ነገሩኝ። ስለዚህ እያንዳንዱ መረጃ እንደተሞላ ወዲያው እንዲቀመጥ አድርጌ አስተካከልሁት። ኮምፒውተሩን በመሐል እያጠፋን ደጋግመን ስንሞክረው የገባው መረጃ አልጠፋም።»

መልሱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ተጠቃሚን ማዳመጥን፣ ስህተትን ማመንንና ውጤትን ማረጋገጥን በአንድነት ያሳያል። መልሱ በእውነት ከተሠራ ሥራ መምጣት አለበት። የተሸመደደ ታሪክ በሁለተኛው ተከታይ ጥያቄ ይጋለጣል።

በኢንተርኔት የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ

ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ለማይችል አመልካች በዙም ወይም በጉግል ሚት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ወጪ ይቀንሳል። የኔትወርክና የመብራት መቆራረጥ ሊያጋጥም ስለሚችል፣ አማራጭ የስልክ ቁጥር አስቀድሞ መላክና መስመሩ ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ መስማማት ያስፈልጋል። ይህ ራሱ የኃላፊነት ስሜት መገለጫ ነው። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ከሆነ ያልተሰማ ጥያቄ እንዲደገም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥያቄውን በራስ ቃል መልሶ ማረጋገጥም ይመከራል።

የአመልካቾች መብት

የተግባቦት ክህሎት የሐሳብን ግልጽነት የሚመለከት ነው። የአነጋገር ዘዬ፣ የትውልድ ቦታ ወይም አለባበስ መለኪያው አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት ያላቸው መብትም በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ተደንግጓል። በመሆኑም መስማት የተሳነው አመልካች ጥያቄዎቹ በጽሑፍ ወይም በምልክት ቋንቋ እንዲቀርቡለት አስቀድሞ ለአሠሪው ማሳወቅ ይችላል።

ምዘናው በቅጥር ቀን አያበቃም። የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በቃለ መጠይቁ የታየው የመጠየቅና የማሳወቅ ልማድ በዚህ ጊዜ በተግባር ይፈተናል።

ቅድመ ዝግጅት

ሥራ ፈላጊዎች ከቃለ መጠይቅ በፊት የሚከተሉትን ቢያከናውኑ ይጠቀማሉ፦

1. ከሠሯቸው ሥራዎች ሦስቱን መርጠው የየራሳቸውን ድርሻ በሁለት ደቂቃ መግለጽ መለማመድ፤
2. አንዱን ሥራ ኮምፒውተር ለማያውቅ የቤተሰብ አባል አስረድተው መረዳቱን ማረጋገጥ፤
3. ከጓደኛ ጋር በየተራ ጠያቂና ተጠያቂ ሆነው ድምፅ እያሰሙ የቴክኒክ ጥያቄ መሥራት፤
4. የተሳሳቱበትንና ያረሙበትን አንድ እውነተኛ አጋጣሚ ማዘጋጀት፤
5. ስለ ሥራው ለአሠሪው የሚያቀርቧቸውን ሁለት ጥያቄዎች መያዝ።

ለሥራ ፈላጊነት ምዝገባና ስለ ክፍት የሥራ መደቦች መረጃ ለማግኘት በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘውን የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርቦ መጠየቅ ይቻላል።