አዳራሽና አደራ፤ የእንግሊዝ መንደሮች የጋራ ቤት ታሪክ

በኢትዮጵያ ገጠር ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን የሚሰባሰቡበት ቤት አለ፤ የሰንበቴ ቤት ይባላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ወይም ከቅጽሩ ዳር የተሠራ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ሣር ወይም ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን መደብ ያለው ቤት ነው። ተራው የደረሰ ማኅበርተኛ ዳቦውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ካህኑ ባርኮ ይቆርሳል፤ ነዳያንም ከማኅበርተኛው ጋር ይቋደሳሉ፤ የተጣላ ካለ ከዚያው ይታረቃል። ቤቱ የማን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ መልሱ «የማኅበሩ» ነው፤ ጣራው ሲያፈስ ማን እንደሚከድነውም ሁሉም ያውቃል።

በብሪታንያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሡ፣ ሲድሩ ወይም ተዝካር ሲያወጡ በሰዓት የሚከራዩት የመንደር አዳራሽ ከዚህ ቤት ጋር የሚዛመድ አይመስልም። በሩ ላይ «ቪሌጅ ሆል» የሚል ጽሑፍ፣ በውስጡ የሚደራረቡ ወንበሮች፣ በግድግዳው ላይ በጦርነት የሞቱ የመንደሩ ልጆች ስም፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃው እንዲጠፋ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ይታያል። ተከራዩ መሶቡንና ከበሮውን ይዞ ይገባል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ወለሉን ጠርጎ ቁልፉን ይመልሳል። ቁልፉን የሚቀበሉት አዛውንት ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ አዳራሹም የመንግሥት ንብረት ያልሆነ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በእንግሊዝ ብቻ እንዲህ ያሉ 10,000 ያህል አዳራሾች አሉ፤ አብዛኞቹን የሚያስተዳድሩት የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የታሪካቸውም መነሻ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የራቀ አይደለም።

በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በተለይም በዴቨንና በሶመርሴት፣ ብዙ አጥቢያዎች ከቤተ ክርስቲያናቸው አጠገብ «ቸርች ሃውስ» የሚባል ቤት ነበራቸው። እዚያ ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይጋገራል፤ በበዓል ቀን የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል። ድግሱን «ቸርች ኤል» ይሉታል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የቤተ ክርስቲያን ጠላ» ማለት ነው። ከጠላው ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ፣ ለደወሉና ለሌላውም ወጪ ይውላል። የሰንበቴን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ በሰንበቴ ጠላው አለመሸጡ ግን ትንሽ ልዩነት አይደለም።

እንግሊዝ ከሮም ከተለየች በኋላ፣ በተለይም ፒዩሪታን የተባሉት ጥብቅ ሰባክያን በበረቱበት ዘመን፣ የቤተ ክርስቲያን ጠላ በስካርና በጭፈራ ተወቀሰ፤ በየቦታውም ተከለከለ። ወቀሳው መሠረት የሌለው አልነበረም። ይሁንና ድግሱ ሲቀር ቤቱም ሥራ ፈታ። አንዳንዱ መጠጥ ቤት፣ አንዳንዱ የድሆች መጠለያ፣ አንዳንዱም ትምህርት ቤት ሆነ። በዳርትሙር ኮረብታዎች መካከል በምትገኘው በዋይድኮም መንደር ያለው የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቸርች ሃውስ ይህን ሁሉ ዕጣ ካሳለፉት አንዱ ነው፤ የድሆች ቤትም ትምህርት ቤትም ሆኖ ቆይቶ፣ ዛሬ የብሔራዊ ቅርስ ማኅበሩ ንብረት ሲሆን የመንደሩ አዳራሽ ሆኖ ያገለግላል። የጥቁር ድንጋይ ግድግዳው አራት መቶ ዓመት ያለፈው ነው፤ አገልግሎቱ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ተመልሷል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመንደሩ ባለርስት ወይም ቄስ የንባብ ክፍል ይሠራ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሠራተኛው ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ጋዜጣ እንዲያነብ ነው። ነገር ግን ቤቱ በሰጪው መሬት ላይ የቆመ፣ ደንቡም በሰጪው የተጻፈ ነበር። የመንደሩ ሰው በዚያ ቤት እንግዳ ነበር፤ ሰጪው ሲሞት ወይም ርስቱ ሲሸጥ ቤቱም አብሮ ሊሄድ ይችል ነበር።

ነገሩን የለወጠው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ጦርነቱ ሲያበቃ ልጅ ያልሞተበት መንደር ጥቂት ነበር፤ መታሰቢያው ምን ይሁን የሚለውም በየመንደሩ አከራከረ። አንዱ ወገን የድንጋይ መስቀል ይቁም ሲል፣ ሌላው ከጦር ሜዳ የተመለሱት የሚሰበሰቡበት ቤት ይሠራ አለ። ብዙ መንደሮች ሁለቱንም አደረጉ። ገንዘብ ያጠራቸው ሠራዊቱ የማይፈልጋቸውን ከእንጨት የተሠሩ የወታደር ማደሪያዎች በርካሽ ገዝተው፣ አፍርሰውና አጓጉዘው፣ በመንደራቸው መልሰው ገጣጠሙ። ለጥቂት ዓመታት ተብለው የተሠሩት እነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ አገልግለዋል።

በዚህ ሥራ የሴቶች ድርሻ ሰፊ ነው። ከካናዳ የመጣው የገጠር ሴቶች ማኅበር፣ ዊሜንስ ኢንስቲትዩት፣ በብሪታንያ የመጀመሪያውን ጉባኤ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1915 በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት፣ በላንቫየርፑል መንደር ነው። ወንዶቹ የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ነበራቸው፤ ሴቶቹ ቤት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በየመንደሩ ለአዳራሽ ገንዘብ በማሰባሰብ ከፊት ተሰለፉ። ኬክ ጋግረው፣ ሻይ አፍልተው፣ ልብስ ሰፍተው በመሸጥ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀሙት ገንዘብ ስንቱን ጣራ እንደ ከደነ የአጥቢያችን እናቶች ያለ አስረጂ ይረዱታል።

የኬልምስኮት መንደር አዳራሽ ደግሞ ሥራው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያሳያል። በቴምዝ ወንዝ ዳር የምትገኘው ይህች ትንሽ መንደር የገጣሚውና የእጅ ጥበብ ሊቁ የዊሊያም ሞሪስ መኖሪያም መቃብርም ናት። ልጁ ሜይ ሞሪስ ለአባቷ መታሰቢያ አዳራሽ እንዲሠራ ደከመች፤ ንድፉን የሠራው አርክቴክት ኧርነስት ጊምሰን ነበር። ጊምሰን እ.ኤ.አ. በ1919 ዐረፈ። አዳራሹ በጸሐፊው በጆርጅ በርናርድ ሾው የተመረቀው ግን በ1934 ነው፤ ንድፉን የሣለው ሰው ካረፈ ከ15 ዓመት በኋላ።

አዳራሽ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የማን እንደሚሆን መወሰን ሌላ። በ1919 የተመሠረተው ብሔራዊ የማኅበራዊ አገልግሎት ምክር ቤት፣ ከ1920 ጀምሮ በኦክስፎርድሸር ተጀምረው በየአውራጃው የተቋቋሙት የገጠር ማኅበረሰብ ምክር ቤቶች፣ የካርኔጊ የእርዳታ ድርጅትም ለመንደሮቹ ገንዘብ ሲሰጡና ሲያበድሩ አጥብቀው የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱ የአደራ ሰነድ ሆነ። ቤቱና መሬቱ በባለአደራዎች እጅ ለመንደሩ ነዋሪዎች ሁሉ ጥቅም እንዲያዝ፣ ሃይማኖትና የፖለቲካ ወገን ሳይለይ ክፍት እንዲሆን፣ አስተዳደሩም በነዋሪዎቹ በሚመረጡና አዳራሹን የሚጠቀሙ ማኅበራት በሚልኳቸው ተወካዮች እንዲካሄድ ሰነዱ ይደነግጋል። በቤተ ክርስቲያናችን በ1965 ዓ.ም. በቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በወጣው በቃለ ዓዋዲ መሠረት ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሚወከሉ አባላት መቋቋሙን ለሚያስታውስ፣ የአሠራሩ መንፈስ እንግዳ አይደለም።

ሰነዱ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ግን እንግሊዛውያን ራሳቸው በብዙ ዋጋ ነው የተማሩት። በምሥራቅ ለንደን በዌስት ሃምና በሌይተን አካባቢ ለሚኖሩ፣ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ለሆኑ ወይም ሊሆኑ ለሚችሉ ሰዎች ሃይማኖታዊ፣ ማኅበራዊና አካላዊ ደኅንነት ሲባል መሬት በአደራ ተሰጠ። ክርክሩ የተነሣው በቴምብር ቀረጥ ነው፤ የበጎ አድራጎት ንብረት ከሆነ ቀረጡ ዝቅ ይላልና። ጉዳዩ በጊዜው የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከ ነበረው እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ፣ በ1955 መሬቱ በሕግ ፊት የበጎ አድራጎት ንብረት አይደለም ተባለ። «ማኅበራዊ ደኅንነት» የሚለው ቃል እጅግ ሰፊ፣ ተጠቃሚዎቹም የአንድ አካባቢ የአንድ ቤተ እምነት ሰዎች በመሆናቸው እጅግ ጠባብ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ ክፉ አልሠሩም፤ ያሰናከላቸው የተጻፈው ቃል ነው።

ፍርዱ የመንደር አዳራሾችን ሁሉ ሥጋት ላይ ጣለ፤ ሻይ መጠጣትና መጫወት በጎ አድራጎት ካልሆነ የእነርሱ ሰነድስ ምን ሊሆን ነው? ፓርላማው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ስለ መዝናኛ በጎ አድራጎት ሕግ አወጣ፤ የመንደር አዳራሾችንም በስም ጠቅሶ፣ ለሕዝብ ጥቅም እስከ ዋሉ ድረስ በበጎ አድራጎትነት አጸናቸው። ድንጋጌው ዛሬ በ2011 የበጎ አድራጎት ሕግ ውስጥ ይገኛል። በእንግሊዝ የሚገኙ ብዙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች የተመዘገቡት እነዚሁን አዳራሾች በሚቆጣጠረው፣ በ1853 በተቋቋመው የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ነውና ይህ ታሪክ ለእነርሱም የጎረቤት ወሬ አይደለም። አንድ አጥቢያ ቤት ሲገዛ ገንዘቡን በማዋጣት ላይ የሚደረገው ትጋት መተዳደሪያ ደንቡን በማንበብ ላይ እምብዛም አይታይም።

የባለቤትነቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በሕግ ሰውነት የሌለው ማኅበር በራሱ ስም መሬት ሊይዝ ስለማይችል፣ ንብረቱ በጥቂት ሰዎች ስም ይመዘገባል። ሰዎቹ ያረጃሉ፣ አገር ይለውጣሉ፣ ይሞታሉ። አዳራሹ ሊታደስ ብድር ሲጠየቅ በሰነዱ ላይ ያሉት ፈራሚዎች በሕይወት የሌሉ ሆነው ይገኛሉ፤ ወራሾቻቸውን መፈለግም ይጀመራል። እንግሊዛውያን ለዚህ ያበጁት አንዱ መፍትሔ ንብረቱን በማይሞት ሹመት፣ በኮሚሽኑ ሥር ባለው የበጎ አድራጎት ንብረት ጠባቂ ስም ማስመዝገብ ነው። ሌላው ከ2013 ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው፣ ድርጅቱ ራሱ የሕግ ሰውነት አግኝቶ በስሙ እንዲይዝና እንዲዋዋል የሚያደርገው አሠራር ነው፤ ብዙ የአዳራሽ ኮሚቴዎች ወደዚህ ተዛውረዋል።

እድሳቱስ? የአዳራሽ ጠላት ብዙውን ጊዜ ማዕበል አይደለም፤ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ነው። ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ቀድሞ በኖራ የተያያዘውን ግድግዳ አንድ ቅን በጎ ፈቃደኛ በሲሚንቶ ለስኖት ከሆነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከወለሉ በታች አየር የሚያስገቡት ቀዳዳዎች ብርድ ይከላከላል ተብለው ሲደፈኑ የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ይበሰብሳል። ሳምንቱን ሙሉ ቀዝቅዞ የሰነበተ አዳራሽ ለሁለት ሰዓት ሲሞቅ ከሰው ትንፋሽና ከወጥ ቤቱ የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ይሆናል፤ ሻጋታውም ይከተላል። በየዘመኑ የተደረገው ጥገናም የራሱን ዕዳ ትቷል። በብሪታንያ ፈጽሞ የታገደው በ1999 በመሆኑ፣ አስቤስቶስ በብዙ የቆዩ አዳራሾች ጣራና ኮርኒስ ውስጥ አለ፤ በመዝገብ ሳይያዝ መሰርሰሪያ ማንሣት አይገባም።

በዚህ ላይ ግብሩ አለ። የመንደር አዳራሽ እንደ አዲስ ሲሠራ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው ሲታደስ ግን በመቶ 20 ይከፈላል። የአባቶቹን ቤት የሚጠግን ኮሚቴ አፍርሶ ከሚሠራው ይልቅ መቀጣቱ ፍትሐዊ ነው ለማለት ያስቸግራል። መንግሥት በ2022 ለንግሥት ኤልሳቤጥ 70ኛ ዓመት መታሰቢያ ለመንደር አዳራሾች እድሳት 3 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ነበር፤ ለ10,000 አዳራሽ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 300 ፓውንድ መሆኑ ነው። ዋናው ገንዘብ ዛሬም የሚመጣው እንደ ድሮው ከኬኩ፣ ከሻዩና ከሰዓት ኪራይ ነው፤ ቅዳሜ ምሽት ክርስትና የሚያስነሡት ኢትዮጵያውያን የሚከፍሉትም በዚያ መዝገብ ገብቷል።

በዚህች አገር ለአደራ ከተሰጡት ቤቶች አንዱ የተሰጠው በኢትዮጵያዊ እጅ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ተሰደው ሲመጡ ባዝ ከተማ ውስጥ ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዙ፤ ከቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር በገንዘብ ችግር ውስጥ የስደቱን ዘመን አሳለፉበት፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የጻፉትም በዚያ ነው። የግቢውን የመስታወት ቤትም የጸሎት ቤት አድርገውት ነበር። በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡ፤ ሲሰጡም ለአረጋውያን እንዲሆን ብለው ነው። ለብዙ ዓመታት የአረጋውያን መኖሪያ ሆኖ አገለገለ። መኖሪያነቱ ካበቃ በኋላ ከካሪቢያንና ከሌሎች አገሮች የመጡ አረጋውያን ማኅበር ቀን ቀን ይሰበሰብበት ጀመር፤ አስተዳደሩና ጥገናውም ለዚሁ ሲባል በተቋቋመ የማኅበረሰብ ድርጅት እጅ ሆነ። ምግብ ይበስላል፤ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹም ንጉሠ ነገሥቱ ይኖሩበት በነበረው ቤት አብረው ምሳ ይበላሉ።